በቁርበት የሸፈንኩት ጉድጓድ

ልጅ እያለሁ የጉድጓድ ማሽላ ሽታ ነፍሴ ነበር። ጨፋ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ መሬት ውስጥ የከረመ እህል ሲወጣ እንደ እርሾ ኮምጠጥ ይላል፣ ቂጣው ግን ከአዲሱ ማሽላ ይበልጥ ይጣፍጣል። ዛሬ ጅዳ በሰው ቤት ምግብ እየሠራሁ ድንገት ይሸተኛል። ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ አስተግፊሩላህ እላለሁ።

ጉድጓዳችን በረቱ አጠገብ ነበር። ክረምት ላይ ዱቄት ሲያልቅ አባቴ ጠዋት ድንጋዩን ያነሳና እስከ ቀትር ሶላት፣ እስከ ዙህር፣ አፉ ተከፍቶ ይውላል። የታፈነው አየር ሳይወጣ የገባ ሰው አይተርፍም። የኔ ሥራ ጥጃና ዶሮ እንዳይገባበት መጠበቅ ነበር።

ያን ቀን አባቴ ማሳ ከወረደ በኋላ ካፊያ ጣለ። እህሉ ቢረጥብ እናቴ እንዴት እንደምትሆን ስለማውቅ ቁርበት ጎትቼ ጉድጓዱን ሸፈንኩት። ከዚያ ከጎረቤት ልጆች ጋር ከጣሪያው ሥር ተጠልለን ቅልልቦሽ ጀመርን። ዝናቡ አባራ፤ ጨዋታችን ግን አላባራም። ሰባት ወይ ስምንት ዓመቴ ቢሆን ነው፣ በትክክል አላውቅም። የአባቴንና የወንድሙን የአያ ሰይድን ድምፅ ስሰማ ነው ሮጬ ቁርበቱን ያነሳሁት።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ አያ ሰይድ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ሁሌም በኦሮምኛ ነበር የሚጠራኝ። «ተከፍቶ ዋለ?»

«አዎ።»

«በይ፣ ጂኒ ካገኘሁ ላንቺ ባል ይሆንሻል፣ ይዤልሽ እወጣለሁ!» እየሳቀ በገመዱ ወረደ።

ከታች አባቴን ሁለት ጊዜ ጠራው። ከዚያ ዝም። አባቴ ሊከተለው ሲል የደረሱ ጎረቤቶች ወገቡን ይዘው መለሱት። አያ ሰይድን በመንጠቆ ጎትተው ሲያወጡት ማሽላው ጢሙ ላይ ነበር። አላህ ይርሀመው።

ለቅሶው ሳይነሳ ወሬው ተነሳ። ሁለቱ ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ገና አልተካፈሉም ነበር። ውሃ ስንቀዳ ሴቶቹ እናቴን እያዩ፣ «እሱ ለምን አልወረደም? ወንድሙን አወረደና መሬቱን ጠቀለለ» ይሉ ነበር፣ እንድትሰማ ጮክ ብለው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው አባቴን ጠየቁት። «አየሩ መውጣቱን ማየት የኔ ፋንታ ነበር፤ አላየሁም» አለ።  የአያ ሰይድ ሚስት እቴ ዘምዘም ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጃችንን አልረገጠችም። መሬቱን አካፍሎ ቢሰጣትም ወሬው አልቆመም።

አርባው ካለፈ በኋላ ከጨፋ ሮቢት ገበያ ስንመለስ፣ መንገድ ላይ ለአባቴ ስለ ቁርበቱ ነገርኩት። አህያውን አቆመ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«ለማንም እንዳትነግሪ። እኔን ያሙኝ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ። አንቺን ግን ሰው የገደለች እያሉ ነው የሚያሳድጉሽ።» ከዚያ አንስቶ አህያው ላይ አስቀመጠኝና እስከ ቤት ድረስ ጭነቱን ራሱ ተሸከመ።

አባቴ ምስጢሬን ጠበቀ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሐሜቱን ይዞት አረጀ። በመጨረሻ ታሞ ሲተኛ ለእቴ ዘምዘም «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ብሎ ላከባት። አልመጣችም። እኔ እዚህ ሆኜ መሞቱን በስልክ ሰማሁ።

አሁን ጉድጓዱ ተደፍኗል አሉ፤ እህሉ በጆንያ ነው የሚቀመጠው። የወንድሞቼ ልጆች ያን ሽታ አያውቁትም። እኔ ግን ባለፈው ረመዳን፣ ጎህ ሳይቀድ ስሁር ከመብላቴ በፊት እውነቱን ልናገር ኒያ አድርጌ፣ ሲነጋ ለእቴ ዘምዘም ደወልኩና ካፊያውን፣ ቁርበቱን፣ ያቺን «አዎ» ሁሉንም ነገርኳት።

 

«አንቺንስ አውፍ ብያለሁ፣ ልጅ ነበርሽ» አለች። «እኔን ግን አባትሽ አውፍ ሳይለኝ ሄደ።»

ልጅ እያለሁ፣ ደጃችንን ሳትተው በፊት፣ እሷ ስታለቅስ ሮጬ ጉልበቷ ላይ እቀመጥ ነበር፣ እንባዋንም በነጠላዋ ጫፍ እጠርግላት ነበር። አሁን ባሕር ማዶ ነኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።