ካፒቴን የተቀመጡ ዕለት

ጻይል ከሚባለው የገበያ መንገድ ጀርባ ባለችው ሱቄ ውስጥ የማትሸጥ አንዲት ወንበር አለች። የካፒቴን ወንበር ናት። ካፒቴን የምንላቸው የድሮ የባሕር ኃይል መኮንን ናቸው፤ ምጽዋ የተማሩ፣ ዘመኑ ሲገለበጥ አገር ለቀው ወጥተው እዚሁ ፍራንክፈርት ያረጁ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ግን ሽሮ ሊገዛ ለገባ ሁሉ «ኖር!» ብለው ይነሡለታል።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ። ሰውየው በርበሬ ሊገዛ ነው የመጣው» እላቸዋለሁ።

«በርበሬ የሚገዛ ሰው አይከበርም?»

ለንግዴም ስለጠቀመኝ መከራከሩን ተውኩት።

ካፒቴን ሱቄ ሲመጡ ብቻቸውን አይመጡም፤ እንግሊዙን ይዘው ነው። እንግሊዙ ምጽዋ ያስተማራቸው መኮንን ነው። ከሞተ ስንት ዘመኑ! የእሱን ታሪክ ለዓመታት በደንበኛና በደንበኛ መካከል፣ እየተቆራረጠ ሰማሁት። እኔ የተማርኩት መርካቶ ነው፤ ሰው የሚነግረኝን በተጠራው ዋጋ አልገዛም። ያ ሰው ሁለት የዓለም ጦርነት ተዋጋ ሲሉኝ ገና በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ ለአንድ ሰው ሁለት አይበዛም? አንዱን ይቀንሱልኝ» ብያቸው ነበር። አልቀነሱም።

እንግሊዙ መርከብ ላይ የወጣው ጢም ሳያበቅል ነው። በመጀመሪያው ጦርነት መርከቡ ተመትታ ሰጠመች፤ በረዶ በመሰለው ባሕር ውስጥ ሳንቃ ላይ ተንጠልጥሎ አደረ። ተማሪዎቹ እንዴት ተረፉ ሲሉት፣ «አጠገቤ የመርከቧ ወጥ ሠሪ ስለጠፋበት ድስት ሲያማርር አደረ። ወሬውን አቋርጬ መሞት ነውር መሰለኝ» አላቸው አሉ። ጦርነቱ ሲያበቃ መንግሥቱ መርከብ ቀነሰ፣ መኮንንም ቀነሰ። እንግሊዙ ሜዳሊያውን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ዶሮ ማርባት ጀመረ፤ እንቁላል በብስክሌት እየዞረ ሸጠ። እኔም ቅናሽ መጠየቅ ያቆምኩት እዚህ ላይ ነው። ሊመጻደቅ የፈለገ ሰው ታሪኩ ላይ እንቁላል አይጨምርም።

ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ ጠሩት። ያኔ ፀጉሩ ሸብቷል። አሮጌ መርከብ ሰጡትና ስንዴና ነዳጅ የጫኑ የንግድ መርከቦችን አጅብ አሉት። ከውኃው ሥር የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች አድፍጠዋል። ሌሎቹ መኮንኖች ስንት እንዳሰጠሙ ሲያወሩ፣ እሱ ስንት እንዳደረሰ ነበር የሚያወራው። አንዲት ያረጀች የስንዴ መርከብ ወደ ኋላ ከቀረች ተመልሶ እንደ ታመመች ላም እያባበለ ይዟት ይገባል። የእኔ ኮንቴይነር ማንም ሳይተኩስበት ሃምቡርግ ወደብ ላይ ሳምንት ይገተራል! እንዲህ ያለ ሰው ለነጋዴ ቅዱስ ነው። ፎቶው ቢኖረኝ ከገንዘብ መሳቢያዬ በላይ እሰቅለው ነበር። ይህን ግን ለካፒቴን ነግሬያቸው አላውቅም፤ ከነገርኳቸው ሱቁን መዝጊያ ሰዓት አይኖረኝም።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ «ላግባ» አለ። ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነው፤ ከመጣ ጥቂት ዓመቱ። ልጅቷ እዚሁ የተወለደች ናት። አባቷ በተማሪነት መጥተው የቀሩ፣ ኒደርራድ ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ኢንጂነር ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጅቷ «አባቴ እምቢ ካለ እኔም ቀረሁ» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ልጁ እንቅልፍ አጣ። አባት የለውም፤ እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌ መሆን ያለብኝም እኔ ነኝ፤ ግን ከእኔ የሚከብድ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

ካፒቴንን ለመንኳቸው፤ አንድ ነገር ግን አስማልኳቸው። «ጋሼ፣ ዛሬ እንግሊዙን ሱቅ እንተወው። የልጅቷ አባት ረጅም ወሬ አይወዱም።»

ትንሽ ከፋቸው። «ቃሌ ነው» አሉ። «ስለ እሱ ትንፍሽ አልልም።»

ሰውየው ወደሚኖሩበት ወደ ሽቫንሃይም ሰፈር በሽትራሰንባን፣ በከተማው ባቡር፣ ሄድን። ቤቱ ስንደርስ እንደ ወጉ ቆምን።

«አረፍ በሉ እንጂ!» አሉ አባትየው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ካፒቴን። ከዚያም በአጭሩ፣ «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን፤ ልጃችንንም ልጅ ያድርጉት ብለን ልንለምን መጣን» አሉ።

አባትየው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

«ኤርፖርት ነው፣ ጋሼ።»

«ኤርፖርት ሰፊ ነው። አብራሪ ነው?»

«ሻንጣ ላይ ነው።»

«ሻንጣ ያበራል?»

«ይጭናል።»

«ልጄን እዚህ ያደረስኳት...» ብለው አባትየው ጀመሩ።

ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሚስታቸው አላስጨረሷቸውም። «አንተስ ስትመጣ የሆቴል ሳህን አልነበር የምታጥበው?»

«እኔ እየተማርኩ ነው!»

«ሳህኑ መቼ አወቀልህ።»

እኔ እግሬን እያቀያየርኩ ነው፤ ካፒቴን ግን እንደ መርከብ ምሰሶ ቀጥ ብለዋል። በመጨረሻ አባትየው በረጅሙ ተነፈሱና «ልጄ ከፈቀደች እኔም ፈቅጃለሁ» አሉ። ልጅቷም ከጓዳ ወጣች። ለትምህርት ምርቃቷ የተገዛ ወይን ጠጅ ተከፈተ፤ ብርጭቆው ሁሉ ተሞላ። አባትየው የራሳቸውን ከፍ አድርገው «በሉ፣ ቆመን እንመርቃቸው» አሉ።

ይኼኔ ከገቡ ጀምሮ ቆመው የነበሩት ካፒቴን ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ጀርባቸውን ቀና፣ ብርጭቆአቸውን ከፍ አድርገው።

አባትየው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጄን እስክሰጥ ድረስ ነው እንዴ የቆሙት?» አሉ። ብርጭቆአቸውን ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ላይ መለሱት። «እንግዲህ ነገሩን ሌላ ቀን ብናየው ይሻላል።»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ጉልበታቸው ነው፣ ጋሼ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ዕድሜ ነው...»

«ጉልበቴ ደህና ነው» አሉ ካፒቴን። ከዚህ ሌላ አልጨመሩም። አየኋቸው። አፋቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ የዚያ እንግሊዝ ተማሪ ደግሞ ቃሉን አያፈርስም።

ስለዚህ ብርጭቆዬን ይዤ እኔው ተናገርኩ። ነጋዴ ነኝና የትኛው ዕቃ ፊት እንደሚደረደር አውቃለሁ፤ በእንቁላሉ ጀመርኩ። ሜዳሊያ ያለው መኮንን በብስክሌት እንቁላል እንዴት እንደዞረ፣ ከዚያም ተጠርቶ የሰው ስንዴ እንዴት እንዳደረሰ ነገርኳቸው። ቀጥዬም ወደ ጽዋው መጣሁ። በድሮዎቹ የእንግሊዝ መርከቦች ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ለንጉሥ ጽዋ ሲነሣ የቆመ ሰው አናቱን ይመታል። ስለዚህ ተቀምጠው ይጠጣሉ፤ ያ ልማድ ሆኖ ቀረ። እንግሊዙ ምጽዋን በተሰናበተበት ምሽት ተማሪዎቹ ሁሉ ቆመው ሲጠብቁት እሱ ቁጭ አለና «እስካሁን እንዲህ የጠጣሁት ለንጉሤ ነው፤ ዛሬ ለእናንተ እጠጣለሁ» አላቸው።

«ካፒቴን ለመጣ ለሄደው ይነሣሉ» አልኩ። «ሱቄ ውስጥ በርበሬ ለሚገዛ ይነሣሉ። ለሰው ጽዋ ሲቀመጡ ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ብርጭቆዬንም ወደ ካፒቴን ከፍ አደረግኩ።

አባትየው ካፒቴንን አተኩረው አዩአቸው። «ለመሆኑ ያንን እንቁላል ሻጭ ማን ልጁን ሰጠው?»

ካፒቴን ወደ እኔ ዞሩ። «ልናገር?»

«ይናገሩ፣ ጋሼ። ቃልዎን ፈትቼዎታለሁ።»

«አባትየው አልሰጡትም» አሉ ካፒቴን። «ልጅቷ ራሷ ከብስክሌቱ ኋላ ተፈናጥጣ ሄደች።»

ሚስትየዋ በሳቅ ፈነዱ። አባትየው ልጃቸውን ሰረቅ አድርገው አዩ። ከዚያም ብርጭቆአቸውን አነሡና ካፒቴን አጠገብ ቀስ ብለው ቁጭ አሉ።

«ፓፓ፣ ዋሩም ዚትስት ዱ?» አለች ልጅቷ፤ አማርኛው ፈጥኖባት አባቷ ለምን እንደሚቀመጡ አልገባትም።

«አንቺም ተቀመጪ፤ በኋላ እነግርሻለሁ» አሏት።

ሁላችንም ተቀመጥን። ወንበር አልበቃንም፤ እኔ የሶፋው ክንድ ላይ ሆንኩ። ለልጆቹ ጠጣን።

ስንመለስ ሽትራሰንባን ውስጥ ካፒቴን በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር።

«እንቁላሉን አሳምረህ ነገርክ» አሉኝ በኋላ። «ወጥ ሠሪውን ግን ረሳኸው።»

«አልረሳሁትም፣ ጋሼ። ለሠርጉ አስቀምጬዋለሁ።»

ቀጣዩ ፌርማታ ላይ አንዲት ሴትዮ ከነውሻዋ ገባች። ካፒቴን «ኖር!» ብለው ተነሡ። ለሴትዮዋ ይሁን ለውሻው አልጠየቅኳቸውም፤ እኔም ተነሣሁ።