ከውጤቱ ጎን የጻፍኳት «ሥ»

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ የማማቸው ሰዎች ልጆች አሁንም ከተማው ውስጥ ይኖራሉ። በመጀመሪያው ቀን የላቦራቶሪው ኃላፊ ጓድ አሰፋ ነጭ ጋዋንና የአልኮል መብራት አስረከበኝና፣ «የምታዪውን ሁሉ አትጻፊ፤ ሐኪሙ የሚጠብቀውን እያሰብሽ ጻፊ» አለኝ። የሦስት ወር ኮርስ ወስዶ ፓርቲ ስለገባ፣ ሁለት ዓመት በተማርነው ላይ ኃላፊ ሆኖ ነበር። ማይክሮስኮፕ ሲያይ አንዱን ዓይኑን መጨፈን እንኳ ይረሳል።

ሥራው ራሱ ቀላል ነበር። የስኳር በሽተኛን ሽንት ቤኔዲክት ከሚባለው ፈሳሽ ጋር አፍልተን ቀለሙን እናያለን። ሰማያዊ ከሆነ ስኳር የለም፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ እያለ የሸክላ ቀለም ከደረሰ ሰውየው ተቸግሯል። ደም ደግሞ በረጅም ቀጭን የመስታወት ቱቦ አቁመን፣ ቀዩ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘቀጠ እንለካለን። ቶሎ ከዘቀጠ ሰውነት ውስጥ የተበላሸ ነገር አለ። የት እንደሆነ ግን ቱቦው አይናገርም። ይህን በሽተኛ ባያውቅ አልፈርድበትም፤ ሐኪም ሲስተው ነው የሚያንገበግበኝ።

ሌላው ምርመራ ዓይን የማያየውን የሰገራ ደም ይፈልጋል። ደም ካለ ቤንዚዲን የሚባለው ኬሚካል ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል፤ አንጀቱ ውስጥ ዕጢ ያለበት ሰው አንዳንዴ በዚህ ይታወቃል። ችግሩ ቤንዚዲን የሰውን ደም ከበሬ ደም አለመለየቱ ነው። ስለዚህ በሽተኛው ሦስት ቀን ሥጋ ሳይበላ ይምጣ ይላል መጽሐፉ። ማንም አይነግረውም ነበር። በፋሲካ ሰሞን ሰገራውን በክብሪት ቀፎ ይዞልን የመጣ ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። ጓድ አሰፋ በሽተኛን ማስረዳት ስለሚደክመው ዘዴ ፈጠረ፤ ሰማያዊ ከሆነ ከውጤቱ ጎን «ሥ» ብለን እንጽፋለን፣ ሥጋ ማለት ነው። «ሥ» ያለበትን ሐኪም ዞር ብሎ አያየውም። እኔም ጻፍኩ፤ ብዙ ጊዜ ጻፍኩ።

ጋሽ ተሰማ ገበያው አጠገብ ልኳንዳ ነበራቸው። ስኳር አለባቸው። የጫማቸው ሚስማር አውራ ጣታቸው ሥር ሲወጋቸው ሰንብቶ፣ ስኳሩ እግራቸውን ስላደነዘዘው ሳይሰማቸው አብጦ ሆስፒታላችን ተኙ። ሽንታቸው የሸክላ ቀለም ነበር፤ ደማቸው በሰዓት ከመቶ በላይ ዘቀጠ። በኢንሱሊንና በቁስል እጥበት ሽንታቸው ወደ አረንጓዴ ተመለሰ፤ ቁስሉም መሙላት ጀመረ። ደማቸው ግን መዝቀጡን አልተወም።

ሰገራቸው ለትላትል ምርመራ ሲመጣ፣ የፊታቸው መገርጣት አላምር ብሎኝ ቤንዚዲን ጨመርኩበት። ደማቅ ሰማያዊ ሆነ። ጓድ አሰፋ ሳቀ። «የሥጋ ሻጭ ሰገራ ምን ሊሆን ኖሯል?» አለ። እኔም ሳቅኩና «ሥ» ጽፌ ፈረምኩ።

ቀዶ ሐኪማችን ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ኩሩ ሰው ነበር። የራጅ ፊልም ካለቀ ሰንብቷል። የደሙን ቁጥር ብቻ አይቶ፣ «ቁስሉ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል፤ ከጉልበት በታች ይቆረጣል» ብሎ ወሰነ።

ለቀዶው አምስት ቀን ሲቀረው ጋሽ ተሰማ ለምርመራ ደም ሊሰጡ ወደ እኔ መጡ። ለጨዋታ ያህል፣ «ልኳንዳውን ማን ያዘልዎት?» አልኳቸው።

«ማን ይይዘዋል ልጄ፣ ሁዳዴ አይደል? ዝግ ነው። ባይዘጋማ መቼ እዚህ ተኝቼ ታገኚኝ ነበር?»

መርፌውን መልሼ አስቀመጥኩ። «እርስዎም ይጾማሉ?»

«ሥጋ ሻጭ ክርስቲያን አይደለም ያለሽ ማነው? ከቅበላ ወዲህ ሥጋ በአፌ አልዞረም።»

«ሥ» የጻፍኩት ሁዳዴ ከገባ በአራተኛው ሳምንት ነበር። የክርስቲያን ልኳንዳ ሁሉ ተዘግቶ፣ እኔ ራሴ ሽሮ በልቼ መጥቼ ነው ሥጋ ነው ብዬ የፈረምኩት። ሰገራቸውን ሦስት ቀን ደጋግሜ መረመርኩ። ሦስቱም ሰማያዊ።

ጓድ አሰፋ፣ «የተፈረመበት ውጤት አይነካም፤ ላቦራቶሪውን ልታሰድቢው ነው?» አለኝ። ትቼው ወደ ሐኪሙ ሄድኩ።

«ዶክተር፣ የጋሽ ተሰማ እግር እየዳነ ነው። ደማቸው የሚዘቅጠው ከአንጀታቸው ችግር ሊሆን ይችላል። ሰገራቸው ውስጥ ደም አለ።»

«ሥጋ ነው ብለሽ የፈረምሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ተሳስቼ ነው። ሁዳዴ ነው፤ ይጾማሉ።»

«ሳይንስ ጾም አያውቅም፣ ጓድ» ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

የሳይንሱ መጽሐፍ ራሱ ሦስት ቀን ከሥጋ ጹሙ እንደሚል የዘነጋ ሳይንቲስት! ጓንት አጥልቆ በፊንጢጣ በኩል ዕጢ መኖሩን በጣቱ መዳሰስማ ለክብሩ አይመጥንም።

እግሩ ተቆረጠ። ሊቀብረው የወሰደው ቁስል አጣቢው ድሬሰራችን ቱሉ ላቦራቶሪው በር ላይ መጥቶ ቆመ። «ያ ረቢ! አጥንቱ ነጭ ነው፤ ምንም አልነካውም» አለኝ። የተቆረጠው ቦታ ሐኪሙ ካሰበው ቀድሞ ሻረ። ደማቸው ግን እንደ በፊቱ ከመቶ በላይ ዘቀጠ። ጓድ አሰፋ ቱቦው ተበላሽቷል ብሎ በሌላ ቱቦ አስለካኝ። ያው ነው።

ያኔ አዲስ አበባ ላኳቸው። ትልቁ አንጀታቸው ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ጉበታቸው ጋ ደርሷል። ከፍተው አይተው ሰፍተው መለሷቸው። ሐኪሙ በዚያው ሰሞን የሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። እኛም አጨበጨብን።

ቤታቸው ድረስ ሄጄ የሠራሁትን ነገርኳቸው። ክራንቻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሰሙኝ።

«ያን ጊዜ በደንብ ቢታይ እግሬ ይተርፍ ነበር?»

«አዎ።»

«ሆዴስ?»

«አላውቅም።»

እስከዚያ ቀን «ልጄ» ነበር የሚሉኝ። «ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎት ነበር» አሉኝ። አንቱ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኔ ሳይወጣ ሞቱ።

ላቦራቶሪ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው፦ ውጤት ከመጻፋችሁ በፊት ሰውየውን ምን እንደበላ ጠይቁት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።