ፊት ለፊት ያለው ወንበር

ባለፈው ወር፣ ባሕር ዳር በምማርበት የሥዕል ክፍል፣ ወጣቱ መምህራችን የቤት ሥራ ሰጠን። «የመጀመሪያ ሥዕላችሁንና የቅርቡን ጎን ለጎን ይዛችሁ ኑ፤ ምን ያህል እንደተለወጣችሁ ራሳችሁ ትነግሩናላችሁ» አለ። እኔ የተመዘገብኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አብረውኝ የሚማሩት የልጅ ልጆቼ እኩዮች ናቸው፤ «እማዬ» እያሉ እርሳስ ይቀርጹልኛል። አንድ ሰው ተቀምጦልን እሱን እያየን እንስላለን። እጅ መሳል እስከ ዛሬ አልሆነልኝም፤ ጣቶቹ ካሮት ይመስሉብኛል። የቅርቡን ሥዕል ማምጣት አልከበደኝም። የመጀመሪያዬ የምለው ግን እኔ ዘንድ የለም። ቢቸና ገበያ ነው የቀረው።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የተወለድኩት ሞጣ ነው፤ ልጅ ያልነበራት አክስቴ ግን ቢቸና ወስዳ ታስተምረኝ ነበር። አባቴ ቤተ ክርስቲያን የሚስሉ ሠዓሊ ነበሩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ቀለም ስበጠብጥ ካስተማሩኝ ሁሉ የማልረሳው አንድ ሕግ ነው። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ክፉ ሰው ግን ወደ ጎን ይዞርና አንድ ዓይን ብቻ ይታይበታል። ሰይጣንም ሆነ ጌታን የገረፉት ወታደሮች ሁለት ዓይን የላቸውም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር ግድግዳውን አይቶ ማን ምን እንደሆነ ይለያል።

እኛ ትምህርት ቤት መምህር ታደለ የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጣ። የሚያስተምረን ሒሳብ ነበር፤ ልቡ ግን ያለው ሥዕል ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፈቃደኞችን ይሰበስብና ሰው እያየን እንድንስል ያደርገናል። መጀመሪያ እርስ በርሳችን ተሳሳልን። ኋላ «እናንተ ስለምትተዋወቁ አትተያዩም» አለና አንዲት ሴት ይዞ መጣ። አለሚቱ ሸክላ ሠሪዋ ነበረች።

በዓይኗ ሰው ትበላለች ይሏት ነበር። ማሰሮዋን ይገዛሉ፣ ምጣዷን ይገዛሉ፣ ዓይኗን ግን አያዩም። አክስቴም ከእሷ ዕቃ ስትገዛ እኔን ከኋላዋ ትደብቀኝ ነበር። መምህር ታደለ ይህን አልሰማም፣ ወይም መስማት አልፈለገም። «እትዬ አለሚቱ ይባላሉ፤ ሥራቸውን ሲሠሩ እንስላቸዋለን» አለን። «እትዬ» ሲላት ዞር ብላ ኋላዋን አየች፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ነው።

ጭቃዋን ማሸት ስትጀምር አግዳሚ ወንበሮቹ ተንቋቁ። ሁላችንም ተነሥተን ወደ ጎኗ ሄድን። ፊት ለፊቷ የነበረው ወንበር ባዶውን ቀረ።

ከጎን ሆኖ የሚስል ሰው የሚያየው አንድ ዓይን ነውና የልጆቹ ሥዕል ሁሉ ባለ አንድ ዓይን ሆነ። የእኔ እጅ ግን እምቢ አለ። በአባቴ ቤት አንድ ዓይን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንዲያ አድርጌ ልስላት አልፈለግኩም። ስለዚህ ጆሮዋ አጠገብ ሁለተኛ ዓይን ጨመርኩላት።

መምህር ታደለ መጥቶ አጎንብሶ አየው። «ይህን ዓይን የት አየሽው?»

«አላየሁትም ጋሼ፤ ግን አላት።»

«ያላየሽውን አትሳይ። ከፈለግሽ ሂጂና እዪው» አለና ባዶውን ወንበር በአገጩ አሳየኝ። አልሄድኩም።

ሲያበቃ እትዬ አለሚቱ እጇን ታጠበችና «እስቲ እኔም ልየው» አለች። ሥዕሎቹን ተራ በተራ አየች። ቤተ ክርስቲያን የምትስም ሴት ናት፤ የግድግዳውን ሥዕል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። «አይ ልጆቼ፣ እናንተም እንዲህ ታዩኛላችሁ» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ የባሰብኝም እሱ ነው። የእኔን ስታይ ግን ሳቅ አመለጣት። «ይችስ ከጆሮዬ ዓይን አወጣችልኝ!»

ሳምንቱን ሙሉ ንግግሯ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«አትፈሪም?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«እፈራለሁ።»

«እንግዲያ እኔ አቀርቅሬ ልሥራልሽ።»

«የለም እትዬ፣ ቀና ይበሉልኝ። ካላየሁዎት አልችልም።»

ቀና አለች። ዓይኖቿ ሸክላ ስትተኩስ ከሚመጣው ጭስ የተነሣ ቀልተዋል፤ ግራው ከቀኙ ጠበብ ይላል፤ ጠርዛቸው ላይ ዕንባ ያቀርራሉ። በቃ፣ ይኸው ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ከአክስቴ ጀርባ የተደበቅኩት ከዚህ ነው። አዘንኩ፤ ለእሷም ለራሴም አዘንኩ፤ እርሳሴን ግን አላቆምኩም።

ወሩ ጥር ነበር፤ ሽምብራው እሸት ደርሷል። የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከልጆቹ ጋር ማሳ ዳር ተቀምጠን ጥሬውን እስክንጠግብ በላን። ማታውን ሆዴ ይቆርጠኝ ጀመር። አክስቴ፣ እትዬ አለሚቱ ፊት ለፊት መቀመጤን ሰምታ ኖሮ፣ ጎረቤት ጠራች። ጤና አዳም አፍንጫዬ ላይ ጨፈለቀችብኝ፣ ጨርቅ አጨሰችብኝ። «ማናት የበላችሽ? ተናገሪ! ስሟን ጥሪ!» ትላለች። እንዲያ ሆኖ የተጠራ ስም ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ባለፈው ክረምት ስሙ የተጠራ አንድ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ተሰድዷል። ጭሱ ትንፋሼን ሊያቋርጠው ደረሰ። አንድ ስም ብጠራ ይለቁኝ ነበር።

«ማንም! ሽምብራ ነው!» ብዬ ጮኽኩና ማስረጃውን አክስቴ ቀሚስ ላይ አስመለስኩት። አንዲት ጎረቤታችን አየችው። «ኧረ እውነትም እሸት ነው» አለች። ጨርቁን አጠፉልኝ።

ወሬው ግን እትዬ አለሚቱ ዘንድ ደርሶ ስለነበር በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳትመጣ ቀረች። በገበያው ቀን ሥዕሉን ጠቅልዬ ወደ ሸክላ ተራ ሄድኩ። ስታየኝ ቶሎ ብላ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች፤ እኔን ላለመጉዳት ነው።

«ዳንሽ ልጄ?» አለች እንዳቀረቀረች።

«ድኛለሁ እትዬ። ሽምብራ ነበር እኮ።»

ሥዕሉን ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝና ብዙ አየችው።

«ሁለቱም አሉ» አለች።

«ግራው ትንሽ ጠቦብኛል።»

«ይጠባል፣ እውነትሽን ነው። እናቴም ትለኝ ነበር» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ሥዕሉን አጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

ክረምት ሞጣ ስገባ ለአባቴ ነገርኳቸው። ብሩሻቸውን እንደያዙ «የት ተቀምጠሽ ሳልሻት?» አሉኝ። «ፊት ለፊት» አልኳቸው። «ደግ አደረግሽ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አባቴ ከዚህ በላይ ሲያመሰግኑኝ አላስታውስም።

እናም ለወጣቱ መምህራችን አንድ ሥዕል ብቻ ይዤ ሄድኩ። «የመጀመሪያው የታል እማዬ?» ሲለኝ «የፊቱ ባለቤት ወስዳዋለች» አልኩት። ስለ መለወጤ የምናገረው ብዙም አልነበረኝም፤ ጣቶቹ ያው ካሮት ናቸው። የዚያን ቀን የምንስላት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ልጆቹ ጎን ጎኑን ይዘዋል፤ ፊት ለፊት ሲሆን አፍንጫ ያስቸግራል ይላሉ። እሷም ሰው ማየቱን አፍራ መሬት መሬት ታያለች። ወንበሬን ጎትቼ ፊት ለፊቷ አስቀመጥኩና እርሳሴን አነሣሁ።

«ቀና በይልኝ ልጄ» አልኳት።