የደጃዝማቹ በረዶ ቤት

ነሐሴ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሽሮ ሜዳ

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ቀርቷል ቢባልም ተቃውሞው ስላልበረደ የሱሉልታ መንገድ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተዘግቷል። እኔ ደግሞ እዚያ አንድ ደጃዝማች በረዶ ያስቀምጡበት የነበረ ጓዳ አለ መባሉን ሰምቼ እግሬ አላርፍ ብሏል። የሱሉልታው ልጅ ከድር ባዶ ሚኒባሱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጫነኝ።

«ለፎቶ? ዛሬ? ጤነኛ ነህ ግን?» አለኝ።

2 ሰዓት

መንገዱ በድንጋይ ታጥሯል። ሚኒባሱን አቁመን በጭቃ አንድ ሰዓት ተጓዝን። ጫማዬ ተረከዙን እዚያው ትቶ መጣ።

3 ሰዓት ተኩል

የደጃዝማቹ ቤት ፈርሷል፤ ኮረብታው ሥር የተቆፈረው ጓዳ ግን አለ። የሚጠብቁት የከድር ጎረቤት ኦቦ ቱፋ ናቸው።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ!» አላቸው ከድር፣ እንደምን አደሩ ለማለት።

«ነጋ፣ ነጋ፤ ሰላም ነው። በረዶ ሲዘንብ ጭሰኛው ሁሉ ቅርጫት ይዞ ይሮጥ ነበር» አሉኝ ሽማግሌው። «አባቴ በጭድ እየሸፈነ ይጠቀጥቀው ነበር። ለደጃዝማቹ ጠጅ ማቀዝቀዣ።»

ባዶ ጉድጓድ ነበር የጠበቅኩት። ጓዳው ሁለት በር አለው፤ የውጪውን ለብርሃን ብዬ ገርበብ አድርጌ ትቼ የውስጡን ገፋሁት። የሰሞኑ በረዶ በጭድ ተሸፍኖ፣ በላዩ የወተት ጀሪካን ተደርድሯል። ካሜራዬን ሳወጣ ኦቦ ቱፋ ጮኹ።

«ዝጋ! አንዱ በር ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም፣ ሙቀት ይገባል! የሰፈሩ ወተት ነው። ወተት የሚወስደው መኪና ሲቀር እኔ ነኝ እዚህ አምጡ ያልኳቸው። ቢኮመጥጥ ምን ዓይኔን ይዤ አያቸዋለሁ?»

በጣም አፈርኩ። ካሜራውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

8 ሰዓት

ወደ ሰፈር ሄዶ የነበረው ከድር እየሮጠ መጣ። መንገድ የዘጉት ልጆች የወተቱ ባለቤቶች ልጆች ናቸው፤ ወተቱን ራሳቸው ተሸክመው ከድንጋዩ ማዶ ያሻግሩታል፣ እዚያ ወደ ከተማ የሚያደርሰው የከድር ሚኒባስ አለ። ኦቦ ቱፋ ግን ሳይቀምሱ አይሰጡም። ከየጀሪካኑ በክዳን እየቀዱ፣ «ደህና ነው» እያሉ፣ እኔ ወደከፈትኩት በር ተጠግቶ ወደነበረው የመጨረሻው ደረሱ። ቀመሱ። ከንፈራቸውን ላሱ።

«ደህና ነው።»

እንደገና ክዳኑን ሞልተው ጭልጥ አደረጉት።

«ይሄኛው ለአባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እዚህ በረዶ ሲጠቀጥቅ አንድ ቀን እንኳ ቀዝቃዛ ነገር አላቀመሱትም» አሉ። አፋቸውን በጋቢያቸው ጠርገው የመጨረሻውን ጀሪካን አሸከሙኝ።

የውስጡን በር ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ነው የውጪውን የነካሁት።