የአደይ ለተብርሃን ጥቁር ቀሚስ

ባለፈው እሑድ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ እልልታ ሰማሁ... ምን ተገኘ ብዬ ወጣሁ። ምነው ባልወጣሁ!

አከራዬ አደይ ለተብርሃን ቧንቧው አጠገብ ቆመው የሐዘን ቀሚሳቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተውታል። ልጃቸው በጦርነቱ ካለፈ ወዲህ ከላያቸው ያልወረደ ከል ነው። የንስሐ አባታቸው ቢመክሩ፣ ዘመድ ቢለምን፣ «ልጄ ራሱ በቃሽ ይበለኝ» ብለው እምቢ ያሉበት። አሁን ግን ጥቁርነቱ የለም... አመድማ ሆኗል፤ እንደውም አንዳንድ ቦታ ነጥቷል።

«ርአ ወደይ፣ እየው!» አሉኝ እያለቀሱም እየሳቁም። «ማታ ዘፍዝፌው አደረ፣ ጠዋት እንዲህ ሆነ። ልጄ ነው! በቃሽ አለኝ!»

ዓይኔ ሳፋው ሥር ያለች የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ላይ ዐረፈ። ክው አልኩ። ዕቃዋ የእኔ ናት... ውስጧ የነበረው ግን ሳሙና አይደለም።

ሥራዬ ከልብስ ፋብሪካ የሚወጣ ቆሻሻ ውኃን ማጣራት ነው። እንጨት ላይ የሚበቅል አንድ የእንጉዳይ ዓይነት አለ፤ እንጨቱን የሚያፈራርስበትን ኢንዛይም ከእሱ እናወጣና ባለቀለሙ ውኃ ላይ እንጨምረዋለን። ኢንዛይሙ በኦክስጅን እየታገዘ ቀለሙን ይሰባብረዋል። ቅዳሜ ቤተ ሙከራው መብራት ጠፋና፣ ድብልቁ እንዳይበላሽብኝ ያገኘሁት ባዶ የሳሙና ዕቃ ውስጥ ገልብጬ ቤት ፍሪጅ ላስገባው አመጣሁት። ቧንቧው ጋ እጄን ልታጠብ አስቀመጥኩት፣ ስልክ ተደወለ፣ ረሳሁት። ምን እንደሆነ እንኳ አልጻፍኩበትም! ሌላ ሰው ቢያደርገው እንዴት እንደምቆጣ እኔ ነኝ የማውቀው።

«አደይ... ይሄ ነገር...» አልኩ።

«እንታይ ወደይ? ምን ሆንክ ልጄ?»

ፊታቸውን አየሁት። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«እሰይ» አልኩ። ፈሪ!

በዚህ ባለቀ ጥሩ ነበር። ጎረቤታችን አደይ አልጋነሽም ልጃቸውን ያጡ እናት ናቸው። ወሬውን ሰምተው የራሳቸውን ከል ይዘው መጡና በዚያው ሳፋ በተራ ሳሙና ዘፈዘፉ። ጠዋት ያው ጥቁር። ደግመው ዘፈዘፉ... ያው። ትናንት ከሥራ፣ ከቁሓ ስመለስ ከባጃጅ ወርጄ ግቢ ስገባ ሳፋው ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው። አደይ ለተብርሃን ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል።

«የእሷ ልጅ ተናገራት» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «የእኔው ተቀይሞኛል።»

አልቻልኩም። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ እንጉዳዩን፣ ዕቃውን፣ ዝምታዬን። እንዲረግሙኝ ጠበቅኩ።

ሳፋውን ወደ እኔ ገፉት።

«እንግዲያ ለእኔም አምጣልኝ። በገዛ እጄ ላወልቀው አልቻልኩም ወደይ... እናቱ ነኛ።»

ቤተ ሙከራው ተመልሼ ሄጄ አመጣሁላቸው። ሳፋው ውስጥ አፈሰስኩት።

«ለተብርሃን ግን እንዳታውቅ» አሉኝ። «እኔ እችለዋለሁ፤ እሷ አትችለውም።»

ዛሬ ጠዋት ሁለቱ ቧንቧው ጋ ተቃቅፈው በመስኮት አየኋቸው። አደይ ለተብርሃን «አልነገርኩሽም? ተናገረሽ!» እያሉ እልል ይላሉ። አደይ አልጋነሽ በትከሻቸው ላይ አሻግረው እኔን ያያሉ...

ኃጢአት ለሁለት ሲካፈሉት ይቀላል ያለው ማነው?