እቴቴ አንጓች የሰጡት ዜማ

ልጅ ሳለሁ፣ በርበሬ ተለቅሞ በደረቀ ጊዜ፣ ምሽቱ የእቴቴ አንጓች ነበር። እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ከይበልጣል ጋራ እኛ ግቢ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። ቤታችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነው። ያኔ እራት እስኪደርስ እናቴ፣ እቴቴና እኔ ፍሙን ከበን በርበሬ እንቀነጥሳለን፤ ኩራዙ ይጨሳል፣ ዓይናችንን ይለበልበናል፣ እቴቴም ዘፈን ከየት እንደመጣ ይተርኩልናል።

ሌሎች ልጆች ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ሲሰሙ እኔ የምሰማው ስለ ዘፋኞች ነበር። በየሰርጉ የምናጨበጭብላትን አንዲት ዜማ ያወጣቻት፣ ወደ ሽንዲ የተዳረች ሙሽራ ናት ይሉ ነበር፤ በቅሎ ላይ ሆና ወንዝ ማዶ ለቀረች እናቷ። የጅጋ ገበያተኛ በመንገድ የሚያዜማት ደግሞ የአንድ አዝማሪ ናት፤ ድግስ ላይ ቢሰድቡት ስድባቸውን በቅኔ አዙሮ የመለሰባት።

የራሳቸውን ሲነግሩን ግን ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። ባላቸው ለማር ንግድ ቆላ ወርደው ንዳድ ገደላቸው፤ ሬሳቸውም አልመጣ። በመውቂያው ቀን በሬያቸው ከደጅ ቆሞ ሲያገሳ እቴቴ ሰምተው እንዲህ አሉ፦

«ቆላ የወረደው መቼ ይመለሳል፣
በሬው እንኳን ናፍቆት ከደጅ ያለቅሳል።»

አውድማው ላይ የነበሩት ጎረምሶች ተቀበሏቸው። በዓመቱ ዜማዋ ቡሬ ገበያ ደርሳ ነበር።

ያኔ ጎረምሳ ሁሉ ለውትድርና የሚታፈስበት ዘመን ነው። አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከአንድ የኪነት ቡድን ወጣት ጋራ ወደ ግቢያችን መጣ።

«እናት፣ ያችን የቆላዋን ዘፈን ያስተምሩን» አለ ወጣቱ።

«ዘፈንስ አይደለችም ልጄ። ልቅሶ ናት።»

«ዜማዋን ነው የፈለግነው። ግጥሙን እናስተካክለዋለን።»

ሊቀመንበሩ በሩ ላይ የቆመውን ይበልጣልን ከእግር እስከ ራሱ ይመለከት ነበር። እቴቴም ሲመለከተው አዩት።

«ይበልጣል ድምፅ አለው» አሉ ቀስ ብለው። «እሱን ከወሰዳችሁት ዜማዋን እሰጣችኋለሁ። ከኪነቱ ጋራ ይሁን፤ ወደዚያኛው አይሂድብኝ።»

«እኔ አለሁ፣ አይሄድም» አለ ሊቀመንበሩ።

እቴቴ በጠራራ ፀሐይ ግቢው መሐል ቁጭ ብለው፣ ወጣቱ እስኪይዛት ድረስ ደጋግመው አዜሙ። እንደ ልቅሶም አላሏት፣ እንደ ዘፈንም አላሏት። እናቴ እስኪጨርሱ ከቤት አልወጣችም።

የአብዮቱ በዓል ሲደርስ ሕዝቡ ሁሉ ፍኖተ ሰላም አደባባይ እንዲገኝ ታዞ ሄድን። ይበልጣል ካኪ ለብሶ ፊት ቆሟል።

«ማሳ የወረደው ምርት ይዞ ይደርሳል፣
በሬው እንኳን ኮርቶ ለትግል ይነሳል።»

ሰዉ አጨበጨበ። እቴቴም አጨበጨቡ። እናቴ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ «እትዬ፣ እንደው ምን ተሰማዎት?» አለቻቸው።

«ይበልጣል ወፍሯል» አሉ እቴቴ።

ከዚያ በኋላ የጎረቤቶቻችን ልጆች ተራ በተራ ሄዱ። ይበልጣል ግን በየበዓሉ ይዘፍናል፣ አልፎ አልፎም ቤት መጥቶ ያድራል። ልጆቻቸው የሄዱባቸው እናቶች እቴቴን ሰላም ይሏቸው ነበር፤ ቆመው ማውራቱን ግን ተዉት። እቴቴም ለምን ብለው አልጠየቁም። ኋላ የኪነት ቡድኑ ሠራዊቱን ሊያዝናና ወደ ሰሜን ተላከና ይበልጣል በዚያው ቀረ። ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ አንድ የጅጋ ልጅ ነው አስክሬኑን በዓይኑ ማየቱን ለአባቴ የነገረው።

መርዶው በተነገረ ዕለት ያ ሰላምታ ብቻ የቀራቸው እናቶች ሁሉ መጡ። ግቢው በነጠላ ሞላ። እቴቴ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ተነሡ፤ ሴቶቹም ሊቀበሏቸው ዝም አሉ።

«ማሳ የወረደው…» ብለው ጀመሩና አቆሙ።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደገና ሞከሩ። ያው የአደባባዩ ቃል መጣባቸው። በሦስተኛው ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። የተቀበላቸው የለም፤ ሴቶቹ አቀርቅረው መሬት መሬት ያያሉ። ያኔ እናቴ፣ በሰው ፊት ዘፍናም አልቅሳም የማታውቀዋ እናቴ፣ በተሰባበረ ድምፅ «ቆላ የወረደው መቼ ይመለሳል» አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ግቢው በልቅሶ ተናወጠ። እቴቴ ቀስ ብለው ተቀመጡና የሌላ ሰው ሐዘን ሊደርሱ እንደመጡ ሁሉ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። እንባ አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲያ አልተረኩልንም። እኛም ተርኩልን አላልናቸውም።

አሁን እኔም ልጆች አሉኝ፤ ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ጥቂት ነው። ከእቴቴ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ የአዝማሪውን ቅኔ እንኳ ሰሙን እንጂ ወርቁን አላስታውሰውም። ስለዚያች የልቅሶ ቀን ሳስብ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣብኛል። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። አላዘንኩም፣ አልፈራሁም፣ ምንም አልነበረብኝም። ርቦኝ ነበር፤ ሰዉ መቼ ሄዶ እራት እንደምንበላ ነበር የማስበው።