አባዬ የሄዱባቸው ቦታዎች

ከፍኖተ ሰላም የተነሣሁት ገና ሳይነጋጋ ነው። አባዬን ሐኪሙ ልብዎ ደክሟል፣ ከቤት አይውጡ ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ደርበው፣ የታናሽ ወንድሜን የአንለይን ክንድ ይዘው መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ቡሬ እንግሊዝኛ አስተምር የነበርሁት ሰውዬ አንድ ዓመት ስፓንኛ ልማር ስፔን መሄዴ ነው። ትምህርቱ በነጻ፣ ማደሪያው ከአንዲት ሴትዮ ቤት። ስፓንኛ ለቡሬ ምን ይሠራል ትሉኝ እንደሆነ፣ አባዬም የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አንለይን ጠጋ ብዬ፣ አባዬን አንድ ነገር ቢያገኛቸው ደውለህ በቀጥታ ንገረኝ፣ እንዳትደብቀኝ አልሁት። አባዬ ሰምተዋል። የደከመው ልባቸው ነው እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ፣ የጎረቤት ጉዳይ እንደሚያወሩ ሁሉ። «ሰው አጠገብህ ሳይኖር ማን ይይዝሃል? ቤቷ የምታድርባትን ሴትዮ ቁጥር ለአንለይ ስጠው።»

ሰጠሁት። ከከተማው እስክንወጣ አለቀስሁ። ጎኔ የተቀመጠው መንገደኛ ሙዝ ሰጠኝ፤ በላሁ።

ሴትዮዋ ፒላር ይባላሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ባላቸው ሞተው ብቻቸውን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። በገባሁ ዕለት ተጣላን። በስፓንኛ «ቱ» አንቺ ነው፣ «ኡስቴድ» ደግሞ አንቱ። እኔ አንቱ ስላቸው አስረጀኸኝ ብለው ተቀየሙ። እንግዲህ እናቴ ብትኖር የምትበልጣትን ሴት አንቺ ልበላት? ከሳምንት በኋላ ታረቅን፤ በአፌ አንቺ፣ በልቤ አንቱ።

ረቡዕ ምስር ሠሩልኝ። እኔ ጾም መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። የአገሬ ወጥ መስሎኝ በደስታ ዛቅ ባደርገው ከሥሩ የአሳማ ቋሊማ ወጣ። ሥጋ አለበት እኮ ብላቸው፣ ሥጋስ የለውም፣ ይኼ ለጣዕም ነው አሉኝ። ብርዱ የአገራችንን የፈረስ ቤት ከተማን ብርድ ያስንቃል፤ ፈረስ ቤት ግን እሳት ዳር የሚያስጠጋህ አታጣም። እዚህ ሁሉም በየክፍሉ በሩን ዘግቶ ይሞቃል።

የመኖሪያ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ደግሞ ጸሐፊው ሁለት የቤተሰብ ስም አምጣ አለኝ። የቤተሰብ ስም የለንም አልሁት።

«ታዲያ ቤተሰብህ ማን ይባላል?»

«እያንዳንዱ የየራሱ ስም አለው።»

ሰውዬው አዘነልኝ። ከባልደረባው ጋር ብዙ ከተነጋገረ በኋላ የአባቴንና የአያቴን ስም ጻፈ። ከዚያ ወዲያ በክፍልም፣ በባንክም፣ በመድኃኒት ቤትም «ፈንታሁን» ይሉኝ ጀመር። የአባዬ ስም ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፤ በቀን አምስት ጊዜ ስማቸው ሲጠራ እሰማለሁ።

ወደ ቤት የምደውለው እሑድ እሑድ ነበር። መጀመሪያ ላይ ስልኩን አባዬ ራሳቸው ያነሡት ነበር። ከጥቅምት ወዲህ ግን የሚያነሣው አንለይ ሆነ፤ አባዬም መንገደኛ ሆኑ። አንድ እሑድ ጅጋ ገበያ ሄደዋል። በሚቀጥለው ግሽ ዓባይ ጠበል ሄደዋል። ከዚያ ፈረስ ቤት ዘመድ ጥየቃ፣ ከዚያ እንደገና ጅጋ። አባዬ ልባቸው ደህና በነበረበት ዘመን እንኳ እንዲህ አልዞሩም። ለመሆኑ በምን ሄዱ ስለው፣ «ቀስ እያሉ» ይለኛል።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ወደ ሳሎን ብወጣ፣ ፒላር ከሁለት ሴት ጎረቤቶቻቸውና ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጥቁር ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ትንፍሽ የሚል የለም። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ በእኛ አገር ጎረቤት በዚያ ሰዓት ሰው ቤት ዝም ብሎ ከተቀመጠ ጉዳዩ አንድ ነው።

«ወየው አባዬ!» ብዬ ደረቴን ደቃሁ፤ መሬት ላይ ወደቅሁ። ሴቶቹ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም አብረውኝ አለቀሱ። ሽማግሌው አምቡላንስ ይጠራ አሉ። ነገሩ እስኪጣራ ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ሰዎቹ ጫካ ወርደው እንጉዳይ ሊለቅሙ ነው። ዝም ያሉትም እኔን ላለመቀስቀስ ነው። ቅርጫቶቹንና የጭቃ ቦት ጫማቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ያም ሆኖ አላመንኋቸውም፤ እዚያው ሆኜ ደወልሁ። አንለይ ለቅሶዬን ሲሰማ ደንግጦ ስልኩን ለአባዬ ሰጣቸው። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«አለሁ» አሉ። «ቋንቋው ገባህ? እስኪ አንድ ነገር በልበት።»

«ቡዌኖስ ዲያስ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እንደምን አደሩ።»

ትንሽ አሰቡበት። «እንደምን አደሩ ለማለት ነው እስከዚያ የተሄደው?» አሉ። ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቅ ጀምረው ሳል አቋረጣቸው። ድምፃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

እንጉዳዩ ከተበላ በኋላ ፒላር መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀት ይዘው፣ መርዶ በእናንተ አገር እንዴት እንደሚነገር አስረዳኝ አሉ። የወጥ አሠራር እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የሚጠይቁኝ። በስንት ሰዓት? ሳይነጋጋ፣ ሰውዬው እህል ሳይቀምስ። ስንት ሰው? ከሦስት አይነስ፣ አንድ ሽማግሌ ይኑርበት። ውኃስ? አዎ፣ ውኃ ይዘጋጅ። መጮኽ ይፈቀዳል? ግዴታ ነው አልኋቸው። የታችኛው ፎቅ ሰዎች ቢቀሰቀሱሳ? እነሱም ቢመጡ ጥሩ ነው። ሁሉንም ጽፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ በኋላ አባዬ ብዙ ቦታ ሄዱ። ለገና ግሽ ዓባይ ነበሩ። ለጥምቀትም እዚያው ነበሩ። እኔም መጠየቁን ተውሁ፤ አንለይን ለምን አስዋሸዋለሁ? የት እንዳሉ እሱ ይነግረኛል፣ እኔ ሰላም በልልኝ እላለሁ።

የካቲት ላይ አንድ ማክሰኞ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ በሬ ተንኳኳ። ወጣሁ። ፒላር፣ ሁለቱ ሴቶችና ሽማግሌው ቆመዋል። መጀመሪያ ያየሁት እግራቸውን ነው። ቦት ጫማ የለም። ሽማግሌው ከረባት አስረዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አለ። ከበስተኋላቸው የታችኛው ፎቅ ባልና ሚስት ቆመዋል፤ ሚስትዮዋ ፀጉሯን እንኳ አላበጠረችም። የፒላር እጅ ውስጥ ያ ወረቀት አለ። ሊያነቡልኝ አፋቸውን ከፍተው እምቢ አላቸው። ወረቀቱን ጥለው ክንዴን ያዙ።

ጮኽሁ። አምቡላንስ ይጠራ ያለ የለም። ሁሉም ያዙኝ።

ሲረፋፍድ ደወልሁ። ከተቀበሩ ዐሥር ቀን ሆኗቸዋል። አንለይ ለፒላር የጻፈላቸው በስልኩ አስተርጉሞ ነው፤ በሴትዮዋ በኩል ይነገረው ያሉት አባዬ ራሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ አንለይ ነገረኝ።

«አንለይ» አልሁት፤ «አባዬ የት ሄዱ?»

«ሰዎቹ አልነገሩህም እንዴ?»

«ነግረውኛል። አንተ ግን የት ሄዱ በለኝ።»

አፍንጫውን ሲጠርግ ይሰማኛል።

«ጅጋ» አለ። «ጅጋ ገበያ ሄደዋል።»

«እሺ» አልሁት። «ሲመለሱ ይደውሉልኝ።»